የትዳር ምስክር

ትዳር እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል? አገር ቤት ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙም አይገኝም፤ መልሱ ሰፈሩ ሁሉ ዘንድ አለና። ሽማግሌ ተልኳል፣ ሚዜ ቆሟል፣ በመልሱ ዕለት ዘመድ ከዘመድ ተዋውቋል፣ ጎረቤት በአንድ ደጅ ሲወጡና ሲገቡ አይቷል። አሜሪካ ውስጥ ግን ጥያቄው በቀጠሮ ይጠየቃል። በጋብቻ ግሪን ካርድ ያመለከቱ ባልና ሚስት ኢሚግሬሽን ቢሮ ቀርበው፣ ቀኝ እጃቸውን አንስተው ከማሉ በኋላ፣ የተጋቡት አብረው ለመኖር መሆኑን ለማያውቃቸው መኮንን ያስረዳሉ። የአንደኛቸው እዚያ አገር መኖር አለመኖር በዚህ ላይ ይወሰናል።

ብዙ ወገኖቻችን ይህን ቃለ መጠይቅ የሚያስቡት እንደ ፈተና ነው፤ ጥያቄና መልስ ያጠናሉ፣ ቀደም ብሎ ያለፈውን ሰው “ምን ጠየቁህ?” ይሉታል። ዝግጅቱን አልነቅፍም። ነገሩን ሳስበው ግን ከፈተና ይልቅ የምስክርነት ጉዳይ ሆኖ ይታየኛል። ሰው ሲሰደድ ዕቃውንና ሙያውን ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ትዳሩን የሚያውቁለትን ሰዎች ግን ይዞ አይሄድም። መኮንኑ የተቀመጠው በእነርሱ ወንበር ላይ ነው።

ሕጉ የሚፈልገው ነገር ሲነገር አጭር ነው፦ ባልና ሚስቱ በተጋቡበት ጊዜ አብረው ሕይወት ለመመሥረት አስበው ነበር ወይ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1953 (እ.ኤ.አ.) በሉትዋክ ጉዳይ የተመለከተው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፓሪስ ላይ የተፈጸሙ ጋብቻዎችን ነበር። ሥርዓቱ ተፈጽሟል፣ ወረቀቱም አለ፤ ተጋቢዎቹ ግን ያሰቡት አሜሪካ መግባትን እንጂ አብሮ መኖርን አልነበረም ተብሎ የተከሳሾቹ ጥፋተኝነት ጸና። በ1975 ደግሞ ዘጠነኛው ወረዳ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በባርክ ጉዳይ የዚያኑ መለኪያ ሌላ ገጽታ አሳየ። ባልና ሚስቱ ከተጋቡ በኋላ ተለያይተዋል፤ ፍርድ ቤቱ ግን መለያየታቸው ብቻውን ጋብቻውን የውሸት አያሰኘውም አለ። መንግሥት ከውጭ አገር ሰዎች ዜጎቹ ካላቸው ይበልጥ የሰመረ ወይም ይበልጥ የተለመደ ዓይነት ትዳር ሊጠብቅ እንደማይችልም ጨመረበት። ይህ ትልቅ ቃል ነው። ትዳርን በአንድ መልክ ብቻ ለማየት የሚቸኩልን ዓይን ይገታል።

ችግሩ ሐሳብ የማይታይ መሆኑ ነው። ስለዚህ የማመልከቻው ፋይል ሐሳብ ትቶት ያለፈውን ዱካ ይሰበስባል፦ የጋራ የባንክ ሒሳብ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ኢንሹራንስ፣ አብረው ያቀረቡት የግብር ሰነድ፣ ፎቶግራፍ፣ የወዳጆች ደብዳቤ። ከዚያ መኮንኑ ስለ ኑሮ ይጠይቃል። የት ተዋወቃችሁ? ሠርጉ ላይ እነማን ነበሩ? ጠዋት ቀድሞ የሚነሳው ማን ነው? ጥርጣሬ ከተነሳ ባልና ሚስት ለየብቻ ይጠየቃሉ፤ መልሳቸውም ጎን ለጎን ይታያል።

ሜሪላንድ የማውቃቸው ባልና ሚስት አሉ። እሱ ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራል፤ እሷ ቀን ቀን አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች ትንከባከባለች። ራት አብረው ስንት ሰዓት እንደሚበሉ ሲጠየቁ እሱ በእንግሊዝኛ “አምስት ተኩል” አለ። እሷ በአማርኛ “አሥራ አንድ ተኩል” አለች፤ አስተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ አሻገረው። መኮንኑ ጽሑፉን አቁሞ ቀና አለ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ እሷ የቆጠረችው በአገር ቤት ሰዓት ነው። ነገሩ ከተብራራ በኋላ ሌላ ጥያቄ መጣ፤ ሰው ንጋት ላይ እንዴት ራት ይበላል? እሷ አስረዳች። እሱ ከሥራ ሲገባ እሷ ለሥራ ትነሳለች፤ ለእሱ ራት፣ ለእሷ ቁርስ የሆነውን ከአንድ ትሪ ይበላሉ፤ በሥራ ቀን ፊት ለፊት የሚተያዩትም በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። በተለመደው ዓይን ካየነው አብረው የማያድሩ ሰዎች ናቸው። የኑሯቸውን ዝርዝር የሚሰማ ሰው ግን ያቺን አንድ ሰዓት በየቀኑ መጠበቅ ምን ያህል ሐሳብና ፈቃድ እንደሚጠይቅ አይጠፋውም። ተጠንቶ የመጣ መልስ እንዲህ አይሆንም፤ የሐሰት ታሪክ ሰዓቱን አስቀድሞ አስተካክሎ ነው የሚመጣው።

የእኛ ሰው ወረቀት እንዲህ ያለ ማብራሪያ የሚያስፈልገው በብዙ ቦታ ነው። ሚስት በባሏ ስም አትጠራም፤ ሁለቱም የየአባታቸውን ስም ይዘው ይቀርባሉ። ጥር 14 ቀን 2014 የተጋባ ሰው ሰነዱ ሲተረጎም ጃንዋሪ 22 ቀን 2022 ይሆናል፤ ከሁለት አንዱ ሳይቀየር ከቀረ ስምንት ዓመት የሚያህል ክፍተት ይፈጠራል። የሠርጉ ቀን ራሱ አንድ ላይሆን ይችላል። ወረዳ ሄደው የፈረሙበት ቀን አለ፣ ቤተ ክርስቲያን የቆሙበት ቀን አለ፣ ቤተሰብ ደግሶ የዳረበት ቀን አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል የሚፈጸሙትን ጋብቻዎች ሦስቱንም ያውቃል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ የሚያሰኘኝ ግን ሌላ ነው። ያው ሕግ የጋብቻ ማስረጃ ወረቀት በማይኖርበት ጊዜ ሁለቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው እንደ ባልና ሚስት መተያየታቸውን፣ ቤተሰብና አካባቢውም እንደዚያ የሚያያቸው መሆኑን አስረድቶ ትዳሩን ማጽናት እንደሚቻል ይደነግጋል። እዚህ ላይ ወረቀቱ ሲጠፋ ትዳሩን የሚያድነው ሰው ነው። በስደት ግን ሰው ሲጠፋ ወረቀቱ ያን ሸክም ሁሉ ብቻውን እንዲሸከም ይጠበቅበታል።

በዚህ ላይ ገመና አለ። ያደግነው የባልና ሚስትን ነገር ከጓዳ ማውጣት ነውር ነው እየተባልን ነው። ልጅቷ ከእናቷ ጋር እንኳ የማታወራውን ለማታውቀው ሰው እንድትናገር ስትጠየቅ አንገቷን ትደፋለች፣ ድምፅዋ ይቀንሳል፣ መልሷም ያጥራል። ከሌላ ባህል የመጣ ጠያቂ ይህን መደበቅ ነው ብሎ ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ ከመቅረባቸው በፊት ባልና ሚስት አስቀድመው ሊነጋገሩበት የሚገባ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ የትኛውን የቤታችንን ነገር በግልጽ እንናገራለን? ያልገባንን ጥያቄ እንዲደገምልን እንጠይቃለን ወይ? የማናስታውሰውን አናስታውስም እንላለን ወይ? እውነት የሆነ ትዳር የተጠና መልስ አያስፈልገውም፤ በሰው ፊት ለመናገር ድፍረት ግን ያስፈልገዋል።

“እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” ይላሉ አባቶቻችን። የአሜሪካም ሕግ በራሱ መንገድ ይህንኑ አምኗል። በ1986 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የጋብቻ ማጭበርበርን የሚከላከል ሕግ መሠረት፣ ጋብቻው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነዋሪነት ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ለሁለት ዓመት ብቻ የሚያገለግል ካርድ ነው። ካርዱ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ባልና ሚስት አንድ ላይ እንደገና ያመለክታሉ። ጊዜ ከማንም ጠያቂ የተሻለ ምስክር ነውና ሐሳቡ ይገባኛል። ነገር ግን ይህ ጊዜ በአንደኛው እጅ ሥልጣን ያስቀምጣል። “እኔ ነኝ ያመጣሁሽ” የሚለው ቃል የሚወጣው በዚህ ወቅት ነው፤ “ፊርማዬን አነሳለሁ” የሚለውም ይከተለዋል። በጠብ መካከል የወጣ ቢሆንም እንኳ ይህ ቃል የሚጎዳው ትዳሩን ከሥሩ ነው፤ ሚስትን ወይም ባልን ባለዕዳ አድርጎ ያስቀምጣልና።

የሚገርመው ግን በሕጉ ፊት ባለዕዳው ያመጣው ሰው መሆኑ ነው። አመልካቹ የድጋፍ ቃል ሲፈርም፣ የመጣው ሰው ኑሮ ብዙውን ጊዜ ከፌዴራሉ የድህነት ወለል 125 በመቶ በታች እንዳይወርድ ይገደዳል። ግዴታውን ፍቺ እንኳ አያቋርጠውም፤ የመጣው ሰው ዜግነት እስኪያገኝ ወይም ሕጉ የሚጠይቀው የሥራ ዘመን እስኪሞላ ድረስ ይቆያል። በ1994 (እ.ኤ.አ.) የወጣው በሴቶች ላይ የሚደርስን ጥቃት የሚከላከል ሕግም በትዳር ጓደኛው የሚበደል ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ የበዳዩን ፊርማ ሳይጠብቅ በራሱ እንዲያመለክት በር ከፍቷል። በየቤቱ በወረቀት የሚያስፈራሩት ሰው ይህን ሊያውቅ ይገባዋል። ወረቀት የትዳር መሣሪያ ሲሆን ትዳሩ ራሱ መናኛ ይሆናል።

የወረቀት ጋብቻንም ማለፍ አልችልም። ሕጉ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት ያስቀምጥበታል፤ በዚህ የተገኘ ሰው ወደፊት በእውነት ቢያገባ እንኳ በዚያ ጋብቻ በኩል ማመልከቻው ተቀባይነት አያገኝም። ከቅጣቱ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን የሚጠፋው እምነት የሌላውም መሆኑ ነው። በውሸት ያገባ ሰው ከሱ በኋላ በእውነት የሚመጡትን ባልና ሚስቶች ቃል ዋጋ ያሳጣል፤ ንጋት ላይ ከአንድ ትሪ የሚበሉት ሁለት ሰዎች በጥርጣሬ የሚታዩት በከፊል በእሱ ምክንያት ነው።

ታዲያ ከእኛ ምን ይጠበቃል? ፋይሉ ውስጥ ከሚገቡት ነገሮች አንዱ የወዳጅ ደብዳቤ ነው፤ ብዙ ጊዜም “ይዋደዳሉ፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው” ተብሎ ይዘጋል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ምንም አይመሰክርም። የሚመሰክረው ያየ ሰው ነው። ሲታመም ሥራዋን ትታ እንዳስታመመችው፣ የእናቷን መርዶ አብሯት እንደተቀመጠ፣ ልጃቸውን ተራ እየገቡ እንደሚያሳድጉ የሚያውቅ ሰው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ቤታቸውን ማንኳኳት ያስፈልጋል። በስደት የምንገናኘው ሠርግና ለቅሶ ላይ እየሆነ፣ በመካከል ያለውን ረጅሙን ዘመን ማንም አያየውም። ከመኮንኑ ፊት በብቸኝነት የሚቀመጡት ባልና ሚስት ያን የጎደለ ነገር ተሸክመው ነው የሚገቡት።

እድራችን፣ ማኅበራችን፣ ጎረቤትነታችን አዲስ የመጡትን ባልና ሚስት ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ቢጠይቅ፣ ቢጋብዝ፣ ሲጣሉ ቢያስታርቅ የሚያገኙት ጥቅም ከቢሮው ጉዳይ በላይ ነው። “ያመጣሁሽ እኔ ነኝ” የሚለውን ሰው የሚገሥጸው ይኖራል፤ የተበደለችውም የምትሄድበት ቤት ታገኛለች። ትዳሩን የሚያውቀው ሰው በበዛ ቁጥር ፋይሉ የሚሸከመው ያንሳል።