ምን ቆሞ ምን ይዙር?

ሁሉ ነገር በሚንቀሳቀስበት ዓለም አንዱ እንቅስቃሴ ከሌላው የሚለየው፣ የሚያይ ሰው አንድ ነገር እንደቆመ አድርጎ ሲይዝ ነው። ያ የቆመው ነገር ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ለፈላስፎች የተተወ ይመስላል። ነገር ግን የሌሊቱን ሰማይ በካሜራ ተከታትሎ አንስቶ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ምስሎችን አንዱን በአንዱ ላይ አገጣጥሞ፣ የሰዓታትን ጉዞ በሰከንዶች የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ምስል የሚያወጣ ሰው ይህንኑ ጥያቄ በየምሽቱ በእጁ ይዳስሰዋል። ሥራው በዘመኑ አነጋገር «ታይም ላፕስ» ይባላል። ከላይ ሲያዩት ቴክኒክ ነው፤ ውስጡ ሲገቡ ግን የምስክርነት ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

ተጨባጭ ምሳሌ ይወሰድ። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት የምድር ጥላ ጨረቃን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ ነበር። ጥላው የጨረቃን ጠርዝ የነካው ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ ጨርሶ የለቀቃት ለ5 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ነው፤ ለ82 ደቂቃ ያህልም ሙሉ በሙሉ በጥላው ውስጥ ቆየች። እንዲህ ባለው ምሽት አንድ የአዳማ ሰው ከቤቱ ሰገነት ላይ ካሜራውን በሦስት እግር መቆሚያ አቁሞ፣ በየ30 ሰከንዱ አንድ ፎቶግራፍ ያነሳል እንበል። ደመና ካልከለከለው በግርዶሹ መጨረሻ 418 ያህል ምስሎች ይኖሩታል። በሰከንድ 25 ምስል ሲያልፍ ሦስት ሰዓት ተኩሉ ከ17 ሰከንድ በታች ያልቃል።

ምስሎቹ ግን እንደተነሱ ቢደረደሩ ዓይን አያስቆሙም። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ጨረቃ በየሁለት ደቂቃው የራሷን ስፋት ያህል ከቦታዋ ትሸሻለች። በዚህ ላይ የአዳማ ነፋስ አለ፤ በከተማዋ አቅራቢያ ባሉት ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 136 ተርባይኖች የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ነፋሱ መቆሚያውን ይነቀንቃል፣ ከባድ መኪና ሲያልፍ ሰገነቱ ይርዳል። ስለዚህ ምስሎቹን ማገጣጠም ግድ ይሆናል። ለማገጣጠም ደግሞ በሁሉም ምስሎች ላይ በአንድ ቦታ እንዲቆም የሚደረግ ነገር መምረጥ ያስፈልጋል። ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

ባለሙያው አድማሱን ቢያቆም፣ ኮረብታውና የከተማው መብራት ጸንተው ጨረቃ ከምሥራቅ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ስትወጣ ትታያለች። አዳማ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ በዚያ ሰማይ ብርሃናት የሚወጡት እንደ ሰሜን አገሮች ተጋድመው ሳይሆን እንደ ባልዲ ገመድ ቀጥ ብለው ነው። ጨረቃን ራሷን መሀል ላይ ቢያቆም ደግሞ ሌላ ትርኢት ይወጣል፤ ጨረቃ ጸጥ ብላ ትቀመጥና ጥላው ከአንድ ወገን መጥቶ ይውጣታል፣ መልሶም ይተፋታል። ተመልካቹ ጥላው አጥቂ፣ ጨረቃ ተጠቂ እንደሆነች አምኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሦስተኛው መንገድ ከዋክብትን ማቆም ነው። ጨረቃ ደምቃ ሳለች ከዋክብት ስለሚደበዝዙ ይህ አድካሚ ነው፤ የሚያሳየው ግን ከሁሉ የሚያስደንቅ ነው። ጥላው ከቦታው ንቅንቅ ያለ አይመስልም፤ በሰዓት የራሷን ስፋት ያህል ወደ ምሥራቅ እየተጓዘች ወደ ጥላው የምትገባውም የምትወጣውም ጨረቃ ራሷ ናት። ያን ጊዜ ከጨረቃ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ የሚሰፋው የጥላው ክብ ዙሪያ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ አርስቶትል የምድርን ክብነት ያስረዳው በዚህ ጥላ ጥምዝ ጠርዝ ነበር። ነገር ግን ከዋክብት በቆሙበት ምስል አዳማ ትፈርሳለች። ኮረብታው ይንሸራተታል፣ መብራቱ ይዘረገጋል፣ የተርባይኖቹ ክንፎች ጭስ ይሆናሉ።

እንግዲህ ከአንድ ምሽት፣ ከአንድ ካሜራ፣ ከ418 ምስሎች ሦስት ታሪክ ወጣ። የትኛው ነው እውነቱ?

«ሁሉም እኩል እውነት ነው» ብሎ መገላገል የሰነፍ መልስ ነው። በእርግጥ ሦስቱም ከሐሰት የጸዱ ናቸው፤ በምስሎቹ ላይ የተጨመረም የተቀነሰም የለም። ሆኖም እያንዳንዳቸው ስለ አንድ ነገር ዝም ይላሉ፤ ይኸውም እንዲቆም ስለተደረገው ነገር ነው። የቆመ ነገር መንቀሳቀሱ አይታይም። አንድን ነገር ማቆም ኃጢአት አይደለም፤ ያለዚያ ማየት አይቻልምና። ኃጢአቱ አቁሞ ሲያበቁ «በራሱ የቆመ ነው» ብሎ ማቅረብ ነው። የጥንት ዜና መዋዕል ጸሐፊ ንጉሡን በመሀል አቁሞ አገሩን በዙሪያው ያዞር ነበር፤ አራሹ ገበሬ እንደ ተርባይኑ ክንፍ ደብዝዞ ያልፋል። ኋላ የመጣው ጸሐፊ ሕዝቡን አቁሞ ንጉሡን አደበዘዘ፤ ጥሩ አደረገ፣ ግን እሱም ምን እንዳቆመ የተናገረበት ጊዜ ጥቂት ነው። የታሪክ ቴአትር የሚጽፉ ሰዎችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። ሃያ ዓመት በሁለት ሰዓት መድረክ ላይ ሲገባ፣ አንድ ገጸ ባሕርይ ሳይለወጥ እንዲቆም ተፈርዶበታል ማለት ነው።

በሰሜን አገሮች ያሉ ፎቶግራፍ አንሺዎች አንድ መጽናኛ አላቸው። የሰሜን ኮከብ በሰማያቸው ከፍ ብሎ እንደ ሚስማር ተተክሏል፤ መሣሪያቸውን በእሱ ያነጣጥራሉ። በአዳማ ግን ይህ ኮከብ ከአድማሱ 8 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ አቧራ፣ ጭጋግ ወይም አንድ ኮረብታ ይሸፍነዋል። የቦረና ኦሮሞ የሰማይ አዋቂዎች፣ አያንቱ የሚባሉት፣ ያለዚህ ሚስማር ሠርተዋል። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ገዳ ባሳተመው መጽሐፍ እንደተገለጸው፣ ወራቸውን የሚለዩት ጨረቃ ከተመረጡ ከዋክብት ጋር ጎን ለጎን የምትሆንበትን ሌሊትና መልክ እየተከታተሉ ነው። ያለ ካሜራ፣ በትዝታ ብቻ፣ የዛሬን ሌሊት በትናንት ላይ ያገጣጥማሉ። የሚያቆሙት ከዋክብትን ነው፤ የትኞቹን እንደሆነም በስም ይጠሯቸዋል።

አድማሱን የመረጠ ሰው ቢያንስ መሬቱን ይተማመናል ይባል ይሆናል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ይህም አያዋጣም። ከሞጆ እስከ መተሐራ፣ ከባቱ እስከ ሻሸመኔ ያለው ምድር በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ያህል ለሁለት እየተለያየ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ለወራት መሬት ተንቀጠቀጠ፤ በየካቲት 7 የተከሰተው በመጠን 6.0 ደረሰ። በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ከመሬቱ ሥር ምን እየሆነ እንደነበር የታወቀው ደግሞ በምስል ማገጣጠም ነው። ሳተላይቶች በተለያዩ ቀናት ያነሷቸው የራዳር ምስሎች አንዱ በሌላው ላይ ተገጣጥመው ሲነጻጸሩ፣ ቅልጥ ዐለት እየገባ ምድሩን እንደገፋው ታየ። እዚያም ቢሆን ስሌቱ «ይህ ቦታ አልተንቀሳቀሰም» ተብሎ ከሚያዝ ነጥብ ይነሣል። ነጥቡ በስንፍና ቢመረጥ ስሕተቱ የሚወድቀው በወረቀት ላይ አይደለም፤ ድንኳን ውስጥ ሆኖ «ወደ ቤቴ ልመለስ ወይስ ልቆይ?» ብሎ በሚጠይቅ አባወራ ላይ ነው።

ስለዚህ ምን ይታረም፣ ምን አይነካ? የካሜራው መንቀጥቀጥ የካሜራው ነው፤ ይታረም። ጥላው፣ ጨረቃ፣ የተሰነጠቀው መሬት ግን የራሳቸው እንቅስቃሴ አላቸው፤ እሱን ማስተካከል መስረቅ ነው። በጳጉሜን ሰማይ ደመና እንግዳ አይደለም፤ አሥር ደቂቃ ቢጋርድ ከ418ቱ 20 ምስል ይጠፋል። የዛሬው ኮምፒዩተር በሁለት ምስሎች መካከል ያልነበረ ምስል ፈጥሮ ክፍተቱን ማንም እንዳያውቀው አድርጎ ይደፍናል፤ ጨረቃዋም ያለ ምንም መደናቀፍ ትፈሳለች። ብዙዎች ይህን ውበት ይሉታል። ይሁን እንጂ ደመናው የመጣው ከዚያው ሰማይ ነው፤ በፊልሙ ላይ የሚታየው መዝለል ባለሙያው ያላየውን አለማየቱን የሚናገርበት ብቸኛ ቋንቋ ነው። ደግሞስ ከድፍኑ ሥር ምን ይቀበራል? እ.ኤ.አ. በ1930 ክላይድ ቶምባው ፕሉቶን ያገኘው በጥር 23ና 29 የተነሱ ሁለት የመስታወት ሳህኖችን አገጣጥሞ እያፈራረቀ ሲያይ ነው። ከዋክብት ሁሉ ቆመው አንዲት ነጥብ ብቻ ዘለለች። ያችን ዝላይ እንደ ጉድለት ቆጥሮ ያስተካከላት ቢኖር ኖሮ ሳህኖቹ እጅግ ያማሩ በሆኑ ነበር።

ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ1882 ዴቪድ ቶድ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ሰው ቬኑስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ በካሊፎርኒያ ሃሚልተን ተራራ ላይ ሆኖ በተከታታይ አንስቷት ነበር። ሲኒማ ገና አልተፈጠረም። ቶድ በ1939 ሞተ፤ የመስታወት ሳህኖቹ በመጋዘን ቀሩ። በ2003 ሁለት ሰዎች 147ቱን አውጥተው፣ የፀሐይን ክብ አቁመው አገጣጠሟቸው። ጥቁሯ ነጥብ ከ121 ዓመት በኋላ ተነሥታ ሄደች።