መዝገብ ሲሰረዝ ምኑ ይሰረዛል?

ሰው የተፈረደበት ጥፋት ከመዝገብ ሲሰረዝ ምኑ ነው የሚሰረዘው? ጥያቄው የቃላት ጨዋታ ይመስላል። አሜሪካ ውስጥ ግን እንጀራ ይወስናል፤ አንዳንዴም ሕይወት፤ የጦር መሣሪያ የመያዝ መብት እዚያች ላይ ተንጠልጥሏልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ ባቀረቡት ሴናተር ስም የላውተንበርግ ማሻሻያ የሚባለው፣ የትዳር ጓደኛውን ወይም የልጁን እናት በመምታት የተፈረደበትን ሰው መሣሪያ እንዳይገዛም እንዳይዝም ይከለክላል። ፍርዱ እነሱ ሚስዲሚነር የሚሉት ቀላል ወንጀል ቢሆንም ያው ነው። ፖሊስና ወታደር እንኳ አያመልጡም። መውጫው ፍርዱ ሲሻር፣ ሲሰረዝ ወይም ይቅርታ ሲደረግ ነው፤ ያም ቢሆን የተሰረዘበት ውሳኔ ራሱ "መሣሪያ ግን አትይዝም" ካላለ ነው።

የማውቀው አንድ ሰው ሎስ አንጀለስ ውስጥ በጥበቃ ሥራ ይተዳደራል። ከዓመታት በፊት በጠብ መሐል ሚስቱን ገፈተራት፤ ጎረቤት ፖሊስ ጠራ፤ "አልከራከርም በልና ቶሎ ይለቅህ" ተባለ፤ ፈረመ። የገደብ ጊዜውን በሰላም ጨርሶ ፍርዱ ተነሣለት። ደስ ብሎት፣ ሽጉጥ ታጥቀው ሻል ያለ ደሞዝ ወደሚያገኙት ጥበቃዎች ልዛወር ሲል አይሆንም አሉት። የካሊፎርኒያ ሕግ በአንድ እጁ ፍርዱን እያነሣ በሌላው "ይህ ግን መሣሪያ ለመያዝ አይፈቅድም" ይላል። ከቀሩት ተስፋዎች አንዱ የአገረ ገዢው ይቅርታ ነው። "ታዲያ ምኑን ሰረዙልኝ ጋሼ?" ይለኛል። በአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ መሰየም የሚባል ሥርዓት አለ፤ የተሰየመን ሰው በድሮ ጥፋቱ በክፋት የሚወቅስ ራሱ በስም ማጥፋት ይጠየቃል። እሱም ይህንኑ ነው የጠበቀው።

መቼም የአሜሪካ ሕግ ለትዝብት የሚዳርግ ነገር አያጣም። ሎጋን የሚባል የዊስኮንሲን ሰው "የዜግነት መብቱ የተመለሰለት ሰው የድሮ ፍርዱ አይቆጠርበትም" በሚለው ድንጋጌ ልጠቀም ብሎ ተከራከረ። ፍርዶቹ ቀላል ስለነበሩ የመምረጥ መብቱን አጥቶ አያውቅም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2007 ያልተወሰደ ነገር ተመለሰ አይባልም አለው። እንግዲህ ከባዱን አጥፍቶ መብቱን ያጣና መልሶ ያገኘ ሰው ከሱ ይሻላል ማለት ነው! በ2022 ደግሞ ፍቅረኛውን የመታ ሰው፣ ጥፋቱ አንድ ብቻ ከሆነና ሌላ ካልጨመረ፣ ከ5 ዓመት በኋላ ክልከላው እንዲነሣለት ተደነገገ። ያገባው ግን ይህ ዕድል የለውም። የጋብቻ ወረቀት የጡጫን ክብደት የሚለውጥበት ምክንያት ለኔ አልታይህ ብሎኛል።

ሆኖም የወዳጄን ቅሬታ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ሥራ ሲጠይቅና ቤት ሲከራይ የድሮ ጥፋቱ እየተነሣ ፊቱ ላይ ሊወረወርበት አይገባም፤ ዕዳውን ከፍሏል። ጠመንጃው ግን የዕዳ ጉዳይ አይደለም። ይቅርታ ያለፈውን ይመለከታል፤ ሽጉጥ ማስያዝ ደግሞ ነገ ማታ፣ በር ተዘግቶ ቁጣ ሲነሣ ለሚሆነው ነው። ያበደረኝን ገንዘብ የካደኝን ሰው ይቅር ልለው እችላለሁ፤ የሳጥኔን ቁልፍ ግን ወዲያው አልሰጠውም። ዕድሜ ልክ መከልከልም ዝም ብሎ መመለስም አይታየኝም፤ ዳኛ የሰውየውን የኋላ ዓመታት አይቶ ለብቻው ቢወስን ይሻላል።

የይቅርታው ማመልከቻ ላይ የሚያያዝ የምስክርነት ደብዳቤ እንድጽፍለት ጠይቆኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ የዚያን ማታ ነገር ከሱ ሌላ የምታውቀው ሚስቱ ናት። እሷን መጠየቅም ቀላል አይደለም፤ ደሞዙ ቢጨምር እንጀራው የጋራ ስለሆነ እሺ የምትለው ከልቧ ይሁን ከችግሯ በምን ይለያል? እሱ ፊት ብጠይቃት ደግሞ መልሱ የሱ ነው። ስለዚህ ጨዋ ሠራተኛ መሆኑን፣ ሲጠጣም ሲጣላም አይቼው እንደማላውቅ እጽፍለታለሁ፤ ስለ መሣሪያው ግን አንዲት ቃል አላስገባም፤ እቤቱ ገብቼ ያየሁት ነገር የለምና። ይህን ስነግረው "ታዲያ ደብዳቤው ምን ይረባኛል?" አለኝ።