የባሕር ዳር ውበትና የካቢው ድካም

ሰው ከሥራው ዐርፎ ወደ ባሕር ዳር በወረደ ጊዜ፥ ዐይኑን ደስ የሚያሰኘው ሁሉ የተፈጥሮ ሥራ ብቻ ነውን? ይህን ጥያቄ በኢጣልያ፥ በሊጉርያ ጠረፍ፥ ቺንኰ ቴሬ በሚባሉት በአምስቱ መንደሮች እንመርምረው።

ከሞንቴሮሶ ወደ ሪዮማጆሬ በእግሩ የሚሄድ እንግዳ፥ በአንድ ወገን ሰማያዊውን ባሕር፥ በሌላው ወገን አረንጓዴውን ገደል እያየ ፈጣሪን ያመሰግናል። መልካም ነው። ነገር ግን ያ ገደል ደረጃ ደረጃ ሆኖ አልተፈጠረም፤ ገበሬዎች ከመካከለኛው ዘመን ጀምረው ድንጋይን በድንጋይ ላይ ያለ ጭቃ እየካቡ ወይን የተከሉበት እርከን ነው። የኮንሶን እርከን ያየ አንባቢ ድካሙን ለመገመት አይቸገርም።

ካብ ደግሞ ዘወትር ጠጋኝ ይሻል። ልጆቹ ለሥራ ወደ ከተማ ሲሄዱ ብዙው እርከን ጠፍ ሆነ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1997 ዓ.ም. ስፍራው በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ መዝገብ ግን ድንጋይ አያነሣም። በዚያው አቈጣጠር ኦክቶበር 25 ቀን 2011 ዓ.ም. ኃይለኛ ዝናብ ወርዶ ጎርፍና ናዳ ቬርናጻንና ሞንቴሮሶን በጭቃ ሞላቸው፤ ሰውም ሞተ። የተተወው እርከን ለናዳው አመቺ ሆኖ ተገኝቶ ነበር።

እኛ ዕረፍትን አንነቅፍም። ሆኖም ፈጣሪን አመስግኖ ካቢውን የሚረሳ ምስጋና ጎደሎ ይመስለናል። እንግዳው የመንገዱን ዋጋ ከፍሏልና ዕዳ የለበትም የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከካቡ ሥር ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ድንጋይ የሚመልሰውን ሽማግሌ ሰላም ሳይሉ ማለፍን፥ የገንዘብ ጉዳይ አድርገን አንቈጥረውም።