የመንገድ ሐቅ

ባለፈው ጁሙዓ ከሰላት በኋላ በመስጊዳችን ግቢ በተደረገ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ነበር። ያወጣሁት ለመናገር አልነበረም፤ ለመደገፍ ነበር። ከአጥሩ ውጪ ወደ ወንዙ የሚወርደው የእግር መንገድ ሰፋ ያለ ስለሆነ ግማሹን ከልለን ሦስት ትናንሽ የቆርቆሮ ሱቆች ብንሠራበት፣ ኪራዩ ለመድረሳችን የቁርኣን አስተማሪዎች ደመወዝ ይሆናል የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡ የኸይር ነው። አስተማሪዎቻችን የሚያገኙት ከትራንስፖርት የማያልፍ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ ማን ይቃወማል? ከበሩ አጠገብ የቆመ አንድ ወጣት ብቻ «ለመሆኑ መንገዱ የኛ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ሰብሳቢያችን ፈገግ ብለው «የአላህ ነው» አሉት። ሳቅን። የመጨረሻው ውሳኔ ለመጪው እሑድ ከዐስር በኋላ ተቀጥሮ ተበተንን።

ያ ሳቅ ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ምክንያቱም የጠየቀው ወጣት ማን እንደሆነ አውቃለሁ። እሁድ እሁድ ከሱብሒ በኋላ አካፋና ዶማ ይዘው ያንን መንገድ ከሚጠግኑት ዘጠኝ ወይም አሥር ልጆች አንዱ ነው።

የሥራቸውን አጀማመር ልንገራችሁ። ካቻምና ክረምት አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ለሱብሒ ሰላት ሲመጡ በዚያ ቁልቁለት ላይ ተንሸራተው ወደቁ። የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ከዚያ ቀን በኋላ ለጀመዓ ሰላት ሳይመለሱ በቤታቸው እንደተኙ ወደ አኺራ ሄዱ፤ አላህ ይርሐማቸው። የጣላቸው ከደረጃው የተፈነቀለ አንድ ድንጋይ ነበር። ያንን ድንጋይ እኔም አውቀዋለሁ። ዝናቡ ከነቀለው ብዙ ሳምንት ሆኖት ነበር፤ ወጣት ነኝና በየቀኑ ዘልዬው አልፍ ነበር። ከእኔ ፊትና ኋላ ይሄዱ የነበሩ ሰጋጆችም እንዲሁ ዘለሉት። ሁላችንም ውዱእ አድርገናል፤ ሁላችንም ለመጀመሪያው ሰፍ እንጣደፋለን። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ወደ ቦታው ለመመለስ የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ረከዓ አይበልጥም ነበር።

ልጆቹ ሥራ የጀመሩት ከቀብር በተመለሱ በሳምንቱ ነው። መጀመሪያ ደረጃውን በድንጋይ አስተካከሉ። ቀጥሎ ከመንገዱ ጎን ያለውን ቱቦ ከፈቱ። ቱቦው ምን ሞልቶት እንደነበር ብናገር የሚከፋው ይኖር ይሆናል፤ ሆኖም እውነቱ ይነገር። የጫት ገረባ፣ ፌስታልና ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ነበር። በማዳበሪያ ከረጢት እያጨቁ እስከ አስፋልቱ ድረስ በጀርባቸው ተሸከሙት። የወንዙን ዳር ጎርፍ እንዳይቦረቡረው የዝሆን ሳር ተከሉበት። ለአረጋውያን ማረፊያ የሚሆን ከግንድ የተጠረበ አግዳሚ ወንበርም አኖሩ። በመንገዱ አፍ ላይ ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት ሥራ በዋሉ ቁጥር ሻይ በነጻ ያቀርቡላቸዋል፤ ወንዙን ተሻግሮ የሚኖር ክርስቲያን ጎረቤታችንም ከቅዳሴ መልስ ነጠላውን አስቀምጦ ዶማ ያነሣል።

የእኛ ድርሻ ምን ነበር? «ማሻአላህ» ማለት። አንዳንዱም «ሥራ ፈቶች» ይላቸዋል። «ማዘጋጃ ቤት የሚሠራውን ምን አገባቸው?» የሚልም አለ። በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ወንዞች ዳርቻ በ56 ኪሎ ሜትር ርዝመት ለማልማት «ሸገርን ማስዋብ» የተባለው ፕሮጀክት ይፋ ከሆነ ወዲህ ደግሞ «መንግሥት ራሱ ይመጣበታል» የሚለው ምክንያት ተጨምሯል። መንግሥት የራሱ ኃላፊነት አለበት። ነገር ግን ድንጋዩን ዘልለን ስናልፍ መንግሥት አላዘለለንም።

ወንድሞችና እህቶች፣ ኢማን ከስልሳ ወይም ከሰባ በላይ ቅርንጫፎች እንዳሉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ከፍተኛው የተውሒድ ቃል ነው፤ ዝቅተኛው ደግሞ አስቸጋሪን ነገር ከመንገድ ላይ ማንሣት ነው። እኛ «ዝቅተኛ» የሚለውን ስንሰማ «ቢቀርም ምንም አይደል» የተባለ ይመስለናል። ነገር ግን ዝቅተኛ ማለት ከሥሩ ሌላ ደረጃ የሌለው ማለት ነው። ይህንንም ያጣ ሰው ወዴት ሊወርድ ነው? በመንገድ ላይ ያገኘውን እሾሃማ ቅርንጫፍ ገለል ስላደረገ ብቻ አላህ ሥራውን ወዶለት ወንጀሉን የማረው ሰው ታሪክም በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ያ ሰው በሐዲሱ ውስጥ ስሙ አልተጠቀሰም፤ ስንት ረከዓ ይሰግድ እንደነበረም አልተነገረን።

ሰሐቦች በመንገድ ዳር መቀመጥ ልማዳቸው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተዉት ባሏቸው ጊዜ ሌላ መወያያ ስፍራ የለንም አሉ። እንግዲያውስ የመንገድን ሐቅ ስጡ አሏቸው። ሐቁም ዓይንን መስበር፣ ሰውን አለማስቸገር፣ ሰላምታን መመለስ፣ በመልካም ማዘዝና ከመጥፎ መከልከል ነው። ልብ እንበል፤ «ሐቅ» ነው የተባለው። ሐቅ ደግሞ ዕዳ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ሲከፍል ጀግና አይባልም፤ ሳይከፍል ሲቀር ግን ይጠየቃል። እነዚያ ልጆች በትርፍ ጊዜያቸው ኸይር ሥራ የሚሠሩ መስለውን ነበር፤ ለካስ የሁላችንንም ዕዳ እየከፈሉ ኖረዋል።

አሁን ደግሞ ስለ ንጽሕና እንነጋገር። ንጽሕና የኢማን ግማሽ መሆኑን በየመስጊዱ ግድግዳ ላይ ጽፈን እንሰቅላለን። ምንጣፋችን በየሳምንቱ ይጠረጋል፤ ጫማ ያደረገ ሰው አንድ ስንዝር ቢጠጋ እንቆጣለን። ከአጥሩ ጀርባስ? በሰዎች መተላለፊያና በጥላቸው ሥር የሚጸዳዳ ሰው እርግማንን በራሱ ላይ እንደሚያመጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስጠንቅቀዋል፤ የእኛን አጥር ጀርባ የሚያውቅ ሰው ይህን ሐዲስ ሲሰማ አንገቱን ይደፋል። በዒድ ቀንስ? ሜዳና ጎዳና ሞልተን በጋዜጣና በላስቲክ ላይ ሰግደን ስንነሣ፣ ተክቢራው ከአፋችን ሳይደርቅ የሰገድንበትን ጥለን እንሄዳለን። ከኋላችን የሚለቅሙ ወጣቶች ባይኖሩ ኖሮ የዒዳችን ማስታወሻ ቆሻሻ በሆነ ነበር። (ይህ ጋዜጣም ከሚነጠፉት መካከል እንደሚገኝ አውቃለሁ። ለሰላት ካነጠፋችሁት ወዲያ ወደ ቤት ውሰዱት፤ ምናልባትም ታነቡታላችሁ።)

ሐረር ጁገል የሄደ ሰው በግንቡ ላይ ጅብ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች አይቷል። ጅቡ ማታ ገብቶ የሰውን ትራፊ እየበላ ከተማዋን ያጸዳ ነበር። የቀደሙት ሰዎች ቆሻሻቸው የት እንደሚሄድ አስበውበት ነበር ማለት ነው። የዘንድሮውን ፌስታል ግን ጅብም ቢሆን አያጸዳውም።

የእኛስ የት ይሄዳል? በሰፈራችን በኩል የሚያልፈው ጅረት ከእንጦጦ ይነሣና ወደ አቃቂ ወንዝ ይገባል። ከከተማው በታች በዚሁ ውኃ ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ይለማል፤ አትክልቱ ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። ወንዙ ከዚያ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል፤ ከግድቡ አልፎ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ባሕር አይደርስም። የአፋርን በረሃ አቋርጦ በጅቡቲ ወሰን አጠገብ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ ከዳርቻው ውኃ የሚቀዳ፣ ግመሉን የሚያጠጣና ውዱእ የሚያደርግ የአፋር ሙስሊም አለ። ቱቦ ውስጥ የወረወርነው ነገር ከዓይናችን ተሰወረ እንጂ አልጠፋም። በመኪና የሚጫነውም ቢሆን መድረሻ አለው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የተባለው የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድነት ተቀበሩ። ያ ክምር የማንም አልነበረም፤ የሁላችንም ነበር።

ደግሞ የጎርፍ ነገር አለ። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ፣ ሌሊት፣ ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይነግድበታል፣ ይሻገርበታል፣ ዳርቻውንም ቤት ይሠራበታል። በሐረርጌ ደጋ ዝናብ የጣለ ሌሊት ግን ወንዙ ቦታውን ይጠይቃል። ባዶ የሚመስለን መሬት ሁሉ ባለቤት የሌለው አይደለም። የእኛም ቁልቁለት በክረምት የውኃ መውረጃ ነው፤ ግማሹን በሱቅ ስንዘጋው ውኃው በቀረው ግማሽ፣ በሰው እግር ሥር መሄዱ ነው።

ወደ ስብሰባችን ልመለስ። ሰኞ ዕለት የሜትር ገመድ አጥቼ መንገዱን እንደ ጨርቅ ነጋዴ በክንዴ ለካሁት። ሰዎች ቆመው አዩኝ። ዘጠኝ ክንድ አይሞላም። ግማሹ ሲወሰድ የሚቀረው አራት ክንድ ግድም ነው፤ የአስከሬን ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ከዕቃ ተሸካሚ ጋር አይተላለፉበትም። በመንገድ ስፋት ላይ ሰዎች ሲለያዩ ሰባት ክንድ ይደረግ ዘንድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መወሰናቸውን በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቦ እናገኛለን። የሰውን መሬት አንድ ስንዝር ያለ ሐቅ የወሰደ በቂያማ ቀን ሰባት ምድር በአንገቱ እንደሚጠለቅለት የተነገረውን ዛቻ ደግሞ ለጎረቤታችን አጥር ስንከራከር ሁሌም እንጠቅሰዋለን። ለሕዝብ መንገድ ግን ጠቅሰነው አናውቅም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። በ450 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቅ አል-ማወርዲ «አል-አሕካም አስ-ሱልጣኒያ» በተባለው ኪታባቸው ስለ ሙሕተሲብ፣ ማለትም ስለ ገበያና ስለ ከተማ ሥርዓት ተቆጣጣሪ፣ ሲያብራሩ በሕዝብ መተላለፊያ ላይ የሚሠራን ሰው መከልከል እንዳለበት፣ መንገዱ ሰፊ ቢሆን እንኳ የተሠራው እንደሚፈርስ ጽፈዋል። የተሠራው መስጊድ ቢሆንም ጭምር! ምክንያቱን ሲሰጡ የመንገድ ጥቅም ለመተላለፍ እንጂ ለሕንፃ አይደለም ይላሉ። ይህን ሳነብ በጁሙዓው ሳቄ አፈርኩ። እርግጥ ነው፣ መንገዱ ሰፊ ከሆነና አላፊ አግዳሚው ካልተጎዳ ለመስጊድ ማስፊያ መጠቀምን የፈቀዱ ዑለማዎችም አሉ። እነርሱም ቢሆኑ ያነሡት ሰጋጅ ቦታ ሲጠበው ነው። እኛ ያሰብነው ግን ሱቅ ነው፤ መንገዱም ሰፊ አይደለም።

«ለካፊሮች መንገድ ልንጠርግ ነው ወይ?» ያለኝ ወንድምም አለ። በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱም በዚያው ማለፋቸውን አስቦ ነው። ለተጠማ ውሻ ውኃ ያጠጣን ሰው አላህ ሲምረው፣ ሰሐቦች ለእንስሳትም ምንዳ አለን ወይ ብለው ጠየቁ፤ በሕይወት ባለ ነገር ሁሉ ምንዳ አለ ተባሉ። ለእንስሳ እንዲህ ከሆነ፣ ዶማ ይዞ ለሚመጣው ጎረቤታችን እንዴት እንደሚሆን ለወንድሜ ልተውለት።

የአስተማሪዎቹ ደመወዝ ጉዳይ አሁንም አለ፤ ሱቅ ቀረ ብለን ልንተወው አንችልም። በጁሙዓ መስጊዱን ሞልተን ወደ መንገድ የምንተርፍ ሰዎች ነን፤ በየወሩ እያንዳንዳችን የአንድ ቀን ማኪያቶ ዋጋ ብናዋጣ ሦስቱ ሱቆች ከሚያስገኙት እንደሚበልጥ አስባለሁ። ይህን ሒሳብ ሠርቼ ወረቀቱን ለሰብሳቢያችን ሰጥቻቸዋለሁ። ይህን ጽሑፍ እንደማወጣም ነግሬያቸዋለሁ። አልተቆጡም፤ «እሑድ ና፣ ተናገር» ነው ያሉኝ።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን መስጊዳቸውን ትጠርግ የነበረች አንዲት ሴት ነበረች። በሞተች ጊዜ ሰሐቦች ነገሩን አቅልለው ሳይነግሯቸው ቀበሯት። እርሳቸው ግን ጠፋችባቸውና ጠየቁ፤ ለምን አልነገራችሁኝም ብለው ወቀሱ፤ መቃብሯን አሳዩኝ ብለው ሄደው ሰገዱባት። የእኛን ልጆች ስም ከመካከላችን የሚያውቅ ስንት ሰው ይሆን? እኔ ራሴ የዚያን የጠየቀውን ወጣት ስም የጠየቅሁት ማክሰኞ ነው።

እሑድ ከዐስር በኋላ በስብሰባው ላይ እጄን አወጣለሁ፤ በዚህ ጊዜ ለመናገር ነው። ከዚያ በፊት ግን ጧት ከሱብሒ በኋላ ልጆቹ ከታችኛው ድልድይ አጠገብ ያለውን ቱቦ ይከፍታሉ። ሰው አላነሰንም፣ የጎደለን ሁለት አካፋ ነው ብለውኛል። አንዱን ከጎረቤት ተውሼ አግኝቻለሁ።