ጠያቂ አያሳጣችሁ

አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር። ሣራ ከባሏ በ10 ዓመት ታንሳለችና 65 ሞልቷታል። ዛሬ በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚወጣው በ60 ዓመቱ ነው። በዚህ ስሌት አብርሃም ጡረታ ከወጣ 15 ዓመት ያለፈው፣ ሣራም 5 ዓመት የሆናት ሰዎች ነበሩ። ባልና ሚስቱ በዚያ ዕድሜ ከለመዱት ቀዬ ተነሥተው አይተውት ወደማያውቁት አገር መንገድ ጀመሩ። ኦሪት ዘፍጥረት ዕድሜውን ቆጥሮ መጻፉ ያለ ምክንያት አይመስልም።

ሰው ሲያረጅ የሚገባው መቀመጥ ነው ወይስ መነሣት? በባሕር ማዶ አንዳንድ ጡረተኞች መልሱን በመኪና ኋላ አስረውታል። መኝታና ምድጃ ያለውን ተጎታች ቤታቸውን እየሳቡ፣ ነፋስ የማያጣውን የባሕር ዳርቻ ተከትለው፣ ዓሣ አጥማጅ ወዳጆቻቸውን ከወደብ ወደብ ይጠይቃሉ። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ምዕራብ ሐረርጌ ባሕር የለውም። የጨርጨር ተራሮች ነፋስ ግን አለ፤ ሲራራ ነጋዴው ከሐረር ወደ ሸዋ ሲመላለስበት የኖረ መንገድም አለ። በየከተማው ደግሞ ደጁን ከፍቶ የሚጠብቅ ወዳጅ አይጠፋም። የሐረርጌ ጡረተኛ ተጎታች ቤት ባይኖረውም በአባዱላ ሚኒባስ ተሳፍሮ ያንኑ ያደርጋል።

መንገዱን ማወቅ ጉዳዩን ለመረዳት ይጠቅማል። ከአዋሽ ሜዳ የሚመጣ መንገደኛ መጀመሪያ አሰቦትን ያገኛል። ከበላዩ በአቡነ ሳሙኤል ዘደብረ ወገግ ስም የሚታወቀው የአሰቦት ሥላሴ ገዳም ያለበት ተራራ ይታያል። ቀጥሎ ሚኤሶ ነው፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌውና አፋሩ የሚገናኙበት፣ አሮጌውም አዲሱም የባቡር ሐዲድ የሚያልፍበት የቆላ ከተማ። ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይወጣል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከሆነው ቆላ ተነሥቶ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ጭሮ፣ ብዙ ሰው ዛሬም አሰበ ተፈሪ ወደሚላት ከተማ፣ ይደርሳል። አዲስ አበባ ከዚህ 326 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አንዱ ቅርንጫፍ ወደ በዴሳና ገለምሶ፣ ወደ ቡናው አገር ይታጠፋል። ዋናው ጎዳና ደግሞ ሂርናን አልፎ ወደ ምሥራቅ ሐረርጌ ይዘልቃል፤ እዚያም ቁልቢ ገብርኤል አለ።

በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ይህ ጎዳና በተሳላሚ ይሞላል። አንዱ ጃንጥላ፣ ሌላው ጧፍ ይዞ፣ የደረሰ ስለቱን ሊያስገባ ይሄዳል። ከተሳላሚው መካከል ሽማግሌውና አሮጊቷ ብዙ ናቸው። በሌላው አቅጣጫም ሌላ መንገደኛ አለ፤ ባለ መንታ ጫፍ በትሩን ይዞ የዋቢ ሸበሌን ሸለቆ ተሻግሮ፣ ባሌ ውስጥ ወዳለው ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን ለዚያራ የሚወርደው ሙስሊም። ሁለቱም ደጅ ሊሳለሙ ይወጣሉ፤ ሁለቱም በመንገድ ላይ ሰው ቤት ያድራሉ።

ጉዞው ቀላል አይደለም። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት የአማካይ ደመወዝን 30 በመቶ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨምራል። 35 ዓመት ያስተማረ መምህር እጁ የሚገባው ከደመወዙ 61.25 በመቶ ነው ማለት ነው። ከዚያ ላይ የመድኃኒትና የቤት ኪራይ ተነሥቶ ለመንገድ የሚተርፈው ትንሽ ነው። አልጋ መያዝ የማይታሰብ ስለሆነ ማደሪያው ወዳጅ ቤት ይሆናል። ሲታይ የችግር መፍትሔ ይመስላል፤ የነገሩ ፍሬ ያለው ግን እዚሁ ላይ ነው።

ጡረተኛ ባልና ሚስት ያሳፈረው አባዱላ ጭሮ መናኸሪያ ሲቆም ባልየው ቀድመው ይወርዱና እጃቸውን ለሚስታቸው ይዘረጋሉ። በፌስታል የተቋጠረ ስኳርና ሻይ ቅጠል አለ፤ ጭሮ የማይገኝ፣ አዲስ አበባ የተገኘ መድኃኒት የያዘች ትንሽ ካርቶንም አለች። በአንድ ትምህርት ቤት አብረዋቸው ያስተማሩት ሙስሊም ወዳጃቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ከደጅ ይጠብቃሉ። ሰላምታው ረጅም ነው፤ የልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ የጉልበቱ፣ የዓይኑ፣ የዝናቡና የማሽላው ነገር ተራ በተራ ይነሣል። ከቡና ገለባ የሚፈላው ሆጃ በአዘቦቱ ወተት ይገባበታል። ታኅሣሥ ከሆነ ግን የቤቱ እመቤት ክርስቲያኖቹ እንግዶች የነቢያትን ጾም እንደያዙ ያውቃሉ፤ ወተቱን ለብቻ ያስቀምጣሉ፣ ወጡም በዘይት ይሠራል። ሐምሌ ላይ ሥጋ ቢታሰብ እንኳ በጉን የሚባርክ ክርስቲያን ከጎረቤት ይጠራል። እንግዳው ይህ ሁሉ እንደተደረገለት አይነገረውም፤ ማዕዱ ሲቀርብ ያየዋል።

አማርኛ ለዚህ ሁሉ የመረጠው ቃል «መጠየቅ» ነው። «ጠየቀ» ማለት መልስ ፈለገ ማለት ነው፤ ወዳጁን ሊያይ ሄደ ማለትም ነው። የታመመ ይጠየቃል፤ የታሰረ ይጠየቃል፤ የወለደች ትጠየቃለች። ሽማግሌዎች ሲመርቁ «ጠያቂ አያሳጣችሁ» ይላሉ። የጭሮ ሰው ሌላ ቋንቋም ይህንኑ ያውቃል፤ በኦሮምኛ «ጋፋቹ» መጠየቅ ነው፣ በሽተኛን ሄዶ ማየትም በዚሁ ቃል ይነገራል። ሁለቱም ቋንቋዎች ወዳጅን ማየትና ጥያቄ ማቅረብ አንድ ሥራ እንደሆነ ያምናሉ። ጥያቄው ደግሞ ግልጽ ነው፦ አለህ ወይ? እንዴት ነህ? ምን ጎደለህ?

ሁለቱ ሃይማኖቶችም ለዚህ ጥያቄ የሰጡት ክብደት አስደናቂ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የፍርድ ቀን ሲተረክ፣ ንጉሡ በቀኙ የሚያቆማቸውን ከሚያመሰግንበት ሥራ አንዱ ታሞ ሳለ መጠየቃቸው ነው። እነርሱ መቼ ጠየቅንህ ብለው ሲደነግጡ፣ ከወንድሞቹ ለታናሹ ያደረጉትን ለእርሱ እንዳደረጉት ይነግራቸዋል። በሙስሊሞች ዘንድ በሰሒሕ ሙስሊም የተዘገበ ሐዲስም በጣም ተቀራራቢ ነገር ያስተምራል፤ አላህ በትንሣኤ ቀን ባሪያውን ታምሜ አልጠየቅኸኝም ብሎ ይወቅሰዋል፣ ሰውየውም አንተ የዓለማት ጌታ ሳለህ እንዴት ብሎ ሲገረም፣ የታመመው ባሪያዬ ዘንድ ብትሄድ ኖሮ እኔን በዚያ ባገኘኸኝ ነበር የሚል ትርጉም ያለው መልስ ይሰማል። የጭሮው ሙስሊምና ክርስቲያኑ እንግዳው በብዙ የእምነት ነገር ይለያያሉ። በዚህ ግን ፈተናው አንድ ነው፤ የሚፈተኑትም በአንድ በር ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ አብርሃም እንመለስ። መንገድ ሲጀምር 75 ዓመቱ የነበረው ሰው በ99 ዓመቱ በመምሬ ዛፎች አጠገብ በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ እናገኘዋለን። ቀኑ ሞቋል። የተገረዘው በዚያው ዓመት ነው፤ የአይሁድ ሊቃውንት እግዚአብሔር ወደ እርሱ የመጣው በሽተኛን ለመጠየቅ ነበር ብለው ተርጉመውታል። ሦስት እንግዶች ባየ ጊዜ የ99 ዓመቱ ሽማግሌ ሊቀበላቸው ሮጠ፤ ወደ ሣራ ቸኮለ፣ ወደ ከብቶቹም ሮጠ። ኦርቶዶክሳውያን በዚህ የሥላሴን መገለጥ ያያሉ፤ ሐምሌ 7 በዓሉ የሚከበረው ለዚህ ነው። ቁርኣንም በሁድና በዛሪያት ምዕራፎች የኢብራሂምን እንግዶች መልእክተኞች ብሎ ያወሳቸዋል፤ ጥጃ አርዶ ያቀረበላቸውንም ኢብራሂም ሙስሊሙ ዓለም «ኸሊል»፣ የአላህ ወዳጅ ይለዋል። መጽሐፍ ቅዱስም የእግዚአብሔር ወዳጅ ብሎ ጠርቶታል።

አንድ ሰው በ75 ዓመቱ ወጪ፣ በ99 ዓመቱ ተቀባይ ሆነ። ስለዚህ «መቀመጥ ወይስ መነሣት?» የሚለው ጥያቄ በተሳሳተ ቦታ የቆመ ነው። የሚጠየቅ ከሌለ ጠያቂ የት ይገባል? የሚወጣ ከሌለስ ተቀማጩ ደጁን ለማን ይከፍታል?

ለተቀማጩ ምዕራብ ሐረርጌ ታላቅ ምሳሌ አለው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ተወልደው ገና በልጅነታቸው ከዐድዋ ድል በኋላ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። ተመልሰው «ፋቡላ» የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ጻፉ። ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ አሰበ ተፈሪን ዋና ከተማ አደረጉ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፣ በጣልያን ወረራ ዋዜማም በጄኔቭ የኢትዮጵያን አቤቱታ አሰሙ። በስደት እስከ ማዳጋስካር ደረሱ። እኒህ ሁሉን አገር ያዩ ሰው የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉት ሂርና፣ በእርሻቸው ላይ ነው፤ በ1969 ሲያርፉ ከ90 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ተዘዋውሮ ያልጠገበ ሰው ሂርና ላይ ተቀመጠ ማለት አይደለም። ዞሮ ዞሮ የሚቀመጥበትን ቦታ ያወቀ ሰው ነበር።

ሦስተኛም መንገድ አለ። በኦርቶዶክሳዊው ልማድ ልጆቻቸውን ድረው፣ ንብረታቸውን አከፋፍለው ቆብ የሚጭኑ አረጋውያን አሉ። ዓለምን በጊዜ መሰናበት ትልቅ ጥበብ ነው፤ ይህ ጽሑፍም አይነቅፈውም። ነገር ግን ገዳሙ ራሱ እንግዳ መቀበልን ከሥራዎቹ አንዱ አድርጎ ይዟል። አሰቦት የወጣ ተሳላሚ በእንግዳ ማረፊያ ዳቤና ጠላ ሲቀርብለት፣ ዓለምን የተዉት መነኮሳት መንገደኛን እንዳልተዉ ያያል።

ስልክ እያለ ድካሙ ለምን የሚል ይኖራል። አርስጣጣሊስ በ«ሥነ ምግባር» መጽሐፉ ስምንተኛ ክፍል ርቀት ወዳጅነትን ጨርሶ እንደማያፈርስ፣ ሥራውን ግን እንደሚያቆመው፣ ሲረዝምም እንደሚያስረሳ ጽፏል። ስልክ ድምፅ ያመጣል፤ በስልክ «ደኅና ነኝ» የማይል ሽማግሌም የለም። ጓዳ የገባ ጠያቂ ግን ጣራው እንደሚያፈስ፣ የደም ግፊት ክኒኑ ካለቀ ሳምንት እንደሆነው፣ ወዳጁ ስኒውን ሲያነሣ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ያያል። «ምን ጎደለህ» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በዓይን ነው።

መዘግየትም ዋጋ አለው። ከቁልቢ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ዓሣ የሚጠመድበት የሐረማያ ሐይቅ ነበር። በ1990ዎቹ ውስጥ ደረቀ፤ በዳርቻው ያደገ ሰው ተመልሶ ሲመጣ ያገኘው ሜዳ ነበር። ሐይቁ ከዓመታት በኋላ ውኃ መልሶ ይዟል። ሰው ግን ካለፈ አይመለስም፤ ለቅሶ መድረስ ጥየቃን አይተካም።

ከባዱ ተቃውሞ የሰላም ነገር ነው። በ2010 በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለዋል፤ ምዕራብ ሐረርጌም የዚያ ሐዘን ተካፋይ ነበር። በአዋሽና በሚኤሶ መስመር በስጋት የታለፉ ዓመታት አሉ። ለእንዲህ ያለው ጊዜ ለአረጋውያን ሂዱ ብሎ መምከር አይገባም። መንገዱ ሲከፈት ግን ቀድሞ መሄድ ያለበት ማን ነው? ጦር መሣሪያ የማይዝ፣ ንግድ የማይሻ፣ የሁለቱንም ወገን ሙታን ስም የሚያውቅ ሽማግሌ ነው። ሰባ ዓመት የሞላቸው ባልና ሚስት የሌላ ሃይማኖት፣ የሌላ ቋንቋ ሰው ቤት ገብተው ሲያድሩ ጎረቤቱ ሁሉ ያያል፤ በማግስቱ የዚያ ሠፈር ልጅ ስለ እነርሱ ወገን ክፉ ሲወራ ዝም ብሎ አይሰማም።

ስለዚህ ለተሳላሚው አንድ ልመና አለ። ብዙ ሰው ቁልቢን ከሌሊት ጉዞ እስከ ሌሊት ጉዞ አድርጎት፣ ጭሮንና ሂርናን በመኪና መስኮት አይቶ ያልፋል። የሥላሴ በዓል ሐምሌ 7፣ የቁልቢ ንግሥ ሐምሌ 19 ነው፤ በመካከላቸው 12 ቀን አለ። እስልምና የእንግዳን መብት ሦስት ቀን አድርጎታልና አራት ወዳጅ ያለው ሰው ማንንም ሳያስቸግር ሊሞላቸው ይችላል። ዘንድሮ ስለት ያለባችሁ፣ ከጧፉ ጋር አንድ የመድኃኒት ካርቶን ያዙ። ሚኤሶ፣ ጭሮ፣ በዴሳ ወይም ሂርና ላይ ለዓመታት ያላያችሁት ሰው ካለ ከመነሣታችሁ በፊት ደውሉለት፤ መምጣታችሁን ይወቅ፣ ሆጃውንም ያስፈላ።