ቤተኛው ቫይረስ ጥፋተኛ ነውን?

ቢኬ የሚባል ቫይረስ በአብዛኞቻችን ኩላሊት ውስጥ ይኖራል። በልጅነት ይገባል፤ ዕድሜ ልክ ይቀመጣል፤ ጤነኛን ሰው አይጎዳም። መጀመሪያ የተገኘው በ1971 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ፣ ኩላሊት ከተተከለለት ሱዳናዊ ሽንት ነው። ስሙም የዚያ ሰው ስም መነሻ ፊደላት ነው።

ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች ከሌላው ይልቅ በሽንት ፊኛ ካንሰር ይያዛሉ። በአንዳንዶቹ ዕጢ ውስጥ የቢኬ ዘረ መል ከሰውዬው ዘረ መል ጋር ተጣብቆ ተገኝቷል። እንግዲህ እጠይቃለሁ፦ ጥፋቱ የማን ነው?

የቫይረሱ ነው ልበል? አብዛኛው ሰው የተሸከመው ነገር የጥቂቶችን መታመም ብቻውን አያስረዳም። የመድኃኒቱ ነውን? ታክሮሊመስና መሰሎቹ ሰውነት የወንድምን ኩላሊት እንደ ባዕድ እንዳይገፋ ጥበቃውን ያላላሉ። ግን በር መክፈት መስረቅ አይደለም።

እዚህ ዳምቦያ እንሰት አጠውልግ ሲይዘው ቢላዋው ይከሰሳል። የታመመውን ቆርጦ ሳይጸዳ ጤነኛውን ከነካ በሽታውን ያሻግራልና። መድኃኒቱም እንዲሁ ነው ልል ነበር። ምሳሌው ግን አንካሳ ነው፤ ቢላዋ በሽታውን ከሌላ ያመጣል፣ መድኃኒቱ ግን የሚያገኘው ቀድሞ ቤት የነበረውን ነው። ትቼዋለሁ።

ሦስተኛ ተከሳሽ አለ፤ ራሱ ሰውነት። አፖቤክ የሚባሉ ኢንዛይሞች የቫይረስን ዘረ መል እያበላሹ ይከላከላሉ። አንዳንዴ ግን የገዛ ሕዋሳቸውን ዘረ መል ይለውጣሉ፤ ዱካቸውም በብዙ የፊኛ ዕጢዎች ላይ ይታያል።

«ጥበቃ ላልቶ ጎዳ ስትል ቆይተህ አሁን ጥበቃው ራሱ ጎዳ ትላለህ» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው። ግን ጥበቃ አንድ አይደለም። መድኃኒቱ የሚያስረው ነጭ የደም ሕዋሳትን ነው። እነሱ ሲታሰሩ ቫይረሱ ይራባል፤ በሕዋሱ ውስጥ ያለው ጥበቃ ግን አልታሰረምና ብቻውን ሲታገል ቤቱን ያቆስላል። ይህ እስካሁን አሳማኝ ግምት እንጂ የተዘጋ ፍርድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በ2012 እ.ኤ.አ. ቢኬን ያስቀመጠው ካንሰር «ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚባሉት ተርታ ነው።

«ታዲያ ተከሳሽ መለየቱ ለታማሚው ምን ይፈይዳል?» ይፈይዳል። ቢኬን ለይቶ የሚያጠፋ የጸደቀ መድኃኒት የለም። ሐኪም የሚደርስበት አንዱን ምክንያት ብቻ ነው፦ የመድኃኒቱን መጠን። ሲቀንሰው ቫይረሱ ይገታል፤ የተተከለው ኩላሊት ደግሞ ለአደጋ ይጋለጣል። በአገራችን ንቅለ ተከላ በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲጀመር ኩላሊቱ የሚመጣው በሕይወት ካለ ቤተሰብ ነበር። ስለዚህ እንክብሉ ሲቀነስ ሚዛን ላይ የሚወጣው የታማሚው ሥጋ ብቻ አይደለም፤ የእህቱም ነው። እሷ ግን ስትሰጥ ስለ ቢኬ ማን ነገራት?