በጥቁርና በነጭ ስለሚነሣ የድልድይ ፎቶግራፍ

ያየውን ሁሉ ያልተናገረ ሰው ዋሸ ይባላልን? ይህ ጥያቄ ስለ ሰው አንደበት ብዙ ጊዜ ተጠይቋል፤ ስለ ፎቶግራፍም ቢጠየቅ ነውር የለበትም። በጥቁርና በነጭ የሚነሣ ፎቶግራፍ ካየው ነገር እኩሌታውን ትቶ እኩሌታውን ብቻ ይናገራልና።

ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ የደረሰ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ፥ በነሐሴ ወር በቦርከና ወንዝ ላይ ያለውን ድልድይ ሊያነሣ ቆመ እንበል። ወንዙ የወሎን አፈር ተሸክሞ ቀልቶ ይወርዳል፤ ዳርና ዳሩ ለምልሟል። በጥቁርና በነጭ ሥዕል ግን ቀዩ ጎርፍና አረንጓዴው ሣር ሁለቱም አመድማ መስለው ይቀራረባሉ፤ ይህ ሥዕል የሚመዝነው የብርሃንን ብዛትና ማነስ እንጂ የቀለምን ዓይነት አይደለምና። በዚህ ፈንታ የድልድዩ ቅርጽ፥ የምሰሶው ጥላ፥ የግንቡም ሻካራነት ጎልቶ ይታያል። የአፈሩ መታጠብ ለገበሬው ጥፋት ነው፤ ሥዕሉ ግን ያን ጥፋት ሸሸገ። እንግዲህ ዋሸን?

አልዋሸም። የሚያየው ሰው ሁሉ ቀለም እንደ ጎደለ ያውቃል፤ ሥዕሉም ጉድለቱን ራሱ ይመሰክራል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. የብራና መጻሕፍታችን በማይክሮፊልም በጥቁርና በነጭ በብዛት ሲነሡ፥ በቀይ ቀለም የተጻፉት የቅዱሳን ስሞች ቅላታቸውን አጡ። የጸሓፊዎችን ሥርዐት የሚያውቅ አንባቢ ግን ስሙን ባገኘ ጊዜ «ይህ ቀይ ነበረ» ብሎ ያነባል። የታወቀ ጉድለት አያታልልም።

የሚያታልለው ከሥዕሉ ክፈፍ ውጭ የቀረው ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ውበት ፈልጎ፥ እንጨት የተሸከመችው ሴት፥ ግመል ነጂው፥ ከጂቡቲ በሚሌ በኩል ጭነት ያመጣው መኪና እስኪያልፉ ጠብቆ ድልድዩን ባዶውን ቢያነሣ፥ ተመልካቹ ማን እንደ ጎደለ አያውቅም። ድልድይም ያለ ተሻጋሪ የድንጋይ ክምር ነው። ይህን ማድረግ ሰሙን አሳይቶ ወርቁን እንደ መቅበር ነው።

ነገሩ ከንቱ ክርክር እንዳይመስል ከዐባይ ምስክር አለ። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት፥ ጎጃምንና ቤጌምድርን ያገናኝ የነበረው ድልድይ በኢጣልያ ወረራ ዘመን መካከሉ ፈርሶ «ሰባራ ድልድይ» ሲባል ኖረ። ሰዎችም በወዲያና በወዲህ ቆመው መንገደኛውን በገመድ እየጎተቱ ያሻግሩት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ኬን ፍራንትስ የተባለ አሜሪካዊ ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት አየ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ከባልንጀሮቹ ጋር መጥቶ ፍራሹን በብረት አገናኘው። ያ ጥገና በኋላ በጎርፍ ቢወሰድ፥ ለእግረኛ የሚሆን ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

ያ ፎቶግራፍ ባለ ቀለም ነበረ። ነገር ግን ጥቁርና ነጭ ቢሆን ኖሮ፥ ገመዱና በገመድ የሚጎተተው ሰው እስከ ታዩ ድረስ ልብን መንካቱ ባልቀረም ነበር። ሰዎቹን አስቀርቶ ድንጋዩን ብቻ ቢያሳይ ግን፥ «ያማረ ፍርስራሽ» ተብሎ ገጹ በተገለጠ፥ መንገደኛውም በገመዱ ላይ በቀረ ነበር።

«ፎቶግራፍ አንሺ ዳኛ አይደለም፤ ሁሉንም በአንድ ክፈፍ ሊያገባ አይችልም» የሚል ቢነሣ፥ እውነት ነው። ማንም የሚናገር ሰው መርጦ ይናገራል። ነገር ግን የመረጠ ሰው ስለ ምርጫው ይጠየቃል። ለዐይን ሲል ቀለሙን ቢተው ማንንም አይጎዳም፤ ለዐይን ሲል ሰውን ቢተው ግን የሰውዬውን ችግር ከሚረዳው ሰው ዐይን ሰወረ። ቀለሙም ራሱ ምስክር በሆነበት ጊዜ፥ እንደ ቦርከና ጎርፍ ባለው ነገር፥ ከሥዕሉ በታች «ውሃው ቀይ ነበረ» ብሎ አንዲት መስመር መጻፍ ይቻላል። ይህ ከባድ ሥራ አይደለም፤ የገበሬው እርሻ በዚያ ውሃ ውስጥ እየሄደ መሆኑን ግን ለተመልካቹ ይነግረዋል።